ያልተነጠፈችው ጠብታ

የላብራቶሪው ባለሙያ ብልቃጧን በማጠቢያ ገንዳው አረፋ ሥር ለብርጭቆ አጣቢዋ አቀበላት።

«በዋናው በር ውጪ። ቶሎ በይ ልጄ።»

የምስጢር ስሟ ምስጥ ነው። በዚህ ፋብሪካ ስምንት ወር ሙሉ ብርጭቆ ያጠበችው ለዚህች ብልቃጥ ነው። ውሃ የዝናብ ልብስ ላይ ሲወድቅ ድቡልቡል ብሎ ይንከባለላል። ብልቃጧ ውስጥ ያለው ፈሳሽ የተቀላቀለበት መርዝ ግን ተዘርግቶ ይነጠፋል፤ በስፌቱ ሾልኮ ቆዳ ያገኛል። አለቆቿ ናሙናውን ካገኙ መርዙን የሚቋቋም ልብስ ያሠሩበታል።

ሰው ማመን የተወችው ድሮ ነው። አንድ ጠብታ ፕላስቲክ ክዳን ላይ ጣል አደረገች።

ጠብታዋ ድቡልቡል እንዳለች ቀረች።

ውሃ!

«ጋሼ፣ ምንድን ነው የሰጡኝ?»

ሰውየው ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ። «ጥበቃዎቹ ልጄን ይዘውብኛል። ማንነትሽን አልነገርኳቸውም፤ ብልቃጥ የያዘ ሰው ነው በር ላይ የሚጠብቁት። እሱን ከያዙ ይለቋታል። በናትሽ!»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። ልትጠላው ግን አልቻለችም። አባት ነው።

ብልቃጧን ገንዳው ውስጥ ደፋቻት።

«ልጄን ገደልሻት» አለ በሹክሹክታ።

መደርደሪያው ላይ የጠዋቱ ብርጭቆዎች ሳይታጠቡ ተቀምጠዋል። ኬሚስቶቹ ፈሳሹን ካዝና ውስጥ አስገብተው ይቆልፉበታል፤ የቆሸሸውን ብርጭቆ ግን ለአጣቢ ጥለው ይሄዳሉ። አጣቢን ማን ሰው ብሎ ይቆጥራል? የፈሳሹን ትራፊ በሽርጧ ጠረገችው። ሰባት ብርጭቆ።

በር ላይ ጥበቃዎቹ ኪሷንም ጫማዋንም በረበሩ።

«ሽርጥሽ በስብሷል እኮ! የታጠበው ብርጭቆው ነው ወይስ አንቺ?»

ሳቀች። እንዴት እንደሳቀች አታውቅም።

ከኋላዋ ሰውየውን እየጎተቱ ሲያወጡት ሰማች። የልጁን ስም እየጠራ ያለቅሳል። ምስጥን ቢጠቁም ልጁ ትተርፍ ይሆናል።

አልጠቆማትም።

እሷም አልዞረችም። አውቶቡስ ተሳፈረች።

በአራተኛው ቀን፣ በሌላ ከተማ፣ አለቃዋ ሽርጡን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ጨመቀው። አንድ ጠብታ የዝናብ ልብስ ላይ ጣለ። ጠብታዋ ወዲያው ተነጠፈች።

«ጎበዝ።»

«ሰውየውና ልጁስ?»

«የቱ ሰውዬ?»

አዲስ መታወቂያ ገፋ አደረገላት፤ የሆቴል ልብስ አጣቢ ይላል። አዲሱን ስሟን ሳታነብ መታወቂያውን ኪሷ ከተተችው። በማግስቱ አንሶላ ታጥብ ነበር።