የሟቿ ድርሻ

ሽማግሌው ቶራዞ፣ ሂሮሺማ ከተማ ባለችው ምግብ ቤታቸው፣ የጋለው የብረት ምጣድ ፊት እንደተቀመጡ ሞቱ። መርማሪዋ ኩሬሃ ስትደርስ አስከሬኑ ተሸፍኗል፤ የሟች ሚስታቸው ፎቶ ግን ከግድግዳው ላይ ሁሉንም ቁልቁል ያያል። ኩሬሃ ሙታንን የምትፈራ ሴት አይደለችም፤ ያን ፎቶ ግን ቀና ብላ ማየት ከበዳት።

ዕለቱ የሚስትየዋ ሙት ዓመት ነበር። ከሰባት ዓመት በፊት መኪና ገጭቷት፣ ሾፌሩ አምልጦ ቀርቷል። ልጇ ቺዙሩ ኦኮኖሚያኪውን፣ ያንን የጎመን ቂጣ፣ ጋግራ ለአባቷ፣ ለባሏ ለሺንጎና ለጎረቤታቸው ለእትዬ ኖቡኤ አቀረበች፤ የእናቷንም ድርሻ ፎቶው ሥር አኖረች። ከአንድ ምጣድ በልተው በአይጥ መርዝ የሞቱት ሽማግሌው ብቻ ናቸው። ፖሊሶቹም ጋጋሪዋን ሊወስዷት በር ላይ ይጠብቃሉ።

«ሳይሞቱ ምን አሉ?» ስትል ኩሬሃ ኖቡኤን ጠየቀቻት።

«ጠዋት ሺንጎ የሰጣቸውን የኦሳካ ደብዳቤ አንብበው፣ ለቺዙሩ ‹እናትሽን የገጫትን ሰው ዛሬ አወቅሁት፤ ድርሻዋን አውርጄ ስበላ እነግራችኋለሁ› አሉ። እኔ ልበላ እንጂ ልቀብር አልመጣሁም፣ እመቤቴ።»

ለሟች የቀረበውን ኋላ አውርዶ መብላት የቤቱ ወግ ነው። ኩሬሃ ፎቶው ሥር ያለውን ባዶ ሳህን በጣቷ ዳሰሰች፤ ከዚያም ሦስቱን ሰበሰበች።

«መርዙ ሽማግሌው ብቻ አውርደው የበሉት የሟቿ ድርሻ ላይ ነበር» አለች። «ቺዙሩ፣ ለእናትሽ ዓሣ ታቀርቢያለሽ?»

«ለሙታን ሥጋም ዓሣም አይቀርብም።»

«ሳህኑ ላይ ግን የደረቀ ዓሣ ፍቅፋቂ ተጣብቆ ቀርቷል። ገዳዩ የአይጥ መርዙን ለመሸፈን እጁ የለመደውን ነሰነሰበት። እትዬ ኖቡኤ፣ ፍቅፋቂ በኪሱ ይዞ የሚዞረው ማነው?»

«ሺንጎ ነዋ፤ የኦሳካ ሰው አይደል? እነሱ ቂጣውን ያለ ፍቅፋቂ አይበሉም፤ ሁሌ እንስቅበታለን።» ድምፅዋ ወረደ። «ፎቶው ፊትም ብዙ ተንበርክኮ ቆየ።»

«ጠዋት ከኦሳካ የመጣውን ደብዳቤ ለሽማግሌው የሰጠኸው አንተ ነህ» አለች ኩሬሃ ወደ ሺንጎ ዞራ። «ፖስታውን ስታይ የላከውን አውቀኸዋል።»

ፎቶውን አነሳች። ሽማግሌው ደብዳቤውን ከኋላው ሸጉጠውት ነበር። የጻፈው መካኒክ ነው፤ ሚስትየዋ በተገጨችበት ሳምንት የሺንጎን መኪና የተሰበረ መብራት መቀየሩን፣ ነገሩም ለዓመታት እንቅልፍ እንደነሳው ይናዘዛል።

ቺዙሩ አላለቀሰችም። «ስታገባኝ የማን ልጅ እንደሆንኩ ታውቅ ነበር?»

«እናትሽን ልክሳት ፈልጌ ነው» አለ ሺንጎ። «ይቅር እንድትለኝ ፊቷ ስንት ዓመት ተንበረከክኩ።»

«ዛሬ ተንበርክከህ አባቴን ገደልክበት።»

ፎቶውን ከኩሬሃ እጅ ተቀብላ ደረቷ ላይ እቅፍ አደረገችው፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ የምጣዱን እሳት አጠፋች።