ሸክላው ካለቀ በኋላ

ኤድሪያን ሎርናን መጀመሪያ ያያት በእኔ አፍሮ አንገቱን በደፋበት ቅዳሜ ነው።

ልደቱ ነበር። ለንደን አቅራቢያ ባለችው ሬዲንግ መሀል ከተማ፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ወዳለችው ጠባብ የሙዚቃ ሸክላ መሸጫ ቤት ይዞኝ ገባ። ዝናብ አበስብሶኛል፤ ቶሎ ገዝቼለት ወደ ቤቴ መመለስ ነው የምፈልገው። ባንኮኒው ጋ የቆመችውን ልጅ ጠየቅኳት።

«የኔ ልጅ፣ ከነዚህ ውስጥ ጩኸቱ የሚያንሰው የቱ ነው?»

ጉልበቷ ድረስ የሚደርስ የወንድ ሹራብ ለብሳለች። እኔን ትታ እሱን አየችው።

«ጩኸቱ ካነሰ እሱ አይወደውም። አይደል?»

«ናን፣ እባክሽ ውጪ ጠብቂኝ» አለኝ። አያቱ ነኝ፤ ናን ነው የሚለኝ። እናቱ ከሞተች ወዲህ ያሳደግኩት እኔ ነኝ።

«በዚህ ዝናብ? ሳንባ ምች ይዞኝ እንድሞትልህ?»

ልጅቷ ሳቀች። እሱ ጫማውን እያየ ቀረ።

«አንተማ ለኛ ባንድ ነው የተፈጠርከው» አለችው። «እኛም ስንጫወት መሬት መሬቱን ነው የምናየው። ጋዜጦቹ ጫማ ላይ አፍጣጮች ይሉናል። ጊታር ትችላለህ?»

«ትንሽ።»

«ትንሽ አይደለም» አልኩ እኔ። «ጎረቤቶቼ በሱ ምክንያት ሰላም አይሉኝም።»

እንዲህ ነው የተጀመረው።

ከዚያ ወዲህ ሎርና በየሐሙሱ አልበሞች በብብቷ ይዛ ትመጣ ጀመር። ሳሎን ምንጣፉ ላይ ይጋደሙና ይሰማሉ። እኔ ማእድ ቤት ሹራብ እሠራለሁ፤ በሩን አልዘጋም፣ ወጣት ናቸው።

«ይሄን መጀመሪያ ስማ» ትለዋለች። «ጊታሩ ጭጋግ ነው፤ ከበሮውን ተከትለህ ግባ።»

«ይሄኛውን ደግሞ ብቻህን ስትሆን፣ መብራት አጥፍተህ።»

«ይሄ የአሜሪካኖቹ ነው። ቀስ ብሎ ይጀምርና ይጮህብሃል። ሁለተኛውን ፊት ሳትሰማ እንዳትፈርድ።»

እውነቱን ልናገር፣ ለኔ አብዛኛው ጎረቤት ምንጣፍ በኤሌክትሪክ መጥረጊያ ሲጠርግ፣ ከጀርባው ደግሞ አንድ ሰው ሲያለቅስ ነው የሚመስለኝ። አንድ ግን ነበረ፣ ሽፋኑ ፈዛዛ አረንጓዴ፣ የሴትዮዋ ድምፅ ወደ ላይ ብቻ የሚሄድ... ሹራቤን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ሰማሁት። ለነሱ አልነገርኳቸውም።

ባንዱ የሚለማመደው ከጎማ ቤት ጀርባ ባለ መጋዘን ነው። አንዴ ካፖርቱን ላደርስለት ሄጄ ከጩኸቱ ብዛት ጥርሴ ሲንቀጠቀጥ ተመለስኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኪሱ ውስጥ ጥጥ እከትለታለሁ። ጥጡን ግን ሁልጊዜ የማገኘው ልብሱን ሳጥብ ነው።

«ናን፣ ጆሮዬን በጥጥ ደፍኜ ሎርና ፊት ልቁም?»

«ምን አለበት? ደንቆሮ ትወዳለች እንዴ?»

«ሎርና ሰው አትወድም። ሙዚቃ ነው የምትወደው።»

ኅዳር ላይ፣ አንድ ሐሙስ፣ ኤድሪያን ለሎርና ጀርባውን ሰጥቶ የአልበሙን ሽፋን ያነባል። ሸክላው ወደ ማለቁ ነው። ሎርና በዚያ ዝግ ባለ ድምጿ፣

«ኤድሪያን፣ እወድሃለሁ» አለችው።

እኔ ማእድ ቤት ሆኜ ሰማሁ። እጄ ቆመ። እሱ ሽፋኑን ገልብጦ ማንበቡን ቀጠለ። ጠበቀችው። ከዚያ ካፖርቷን አነሳች።

«እሺ... ገባኝ።»

በሩ ተዘጋ። በንዴት ገባሁበት።

«ለሰው መልስ መስጠት አላስተማርኩህም?»

«ለማን?» ዞር ብሎ ፈለጋት። «ሎርና የት ሄደች?»

«የነገረችህን ሰምተህ ዝም አልካት።»

«ምንም አልነገረችኝም። ቆይ ናን፣ አንዴ ዝም በይ።» ጣቱን አነሳ። «ይህቺን ድምፅ ስሚያት። ዘፈኑ ካለቀ በኋላ የምትቀረዋን፣ ቀጭኗን። የዚህ ሸክላ ምርጡ ቦታ እሷ ናት።»

ማጫወቻውን አየሁት። መርፌው ራሱ ተነስቶ ቦታው ገብቷል። ሸክላው አይዞርም። ቤቱ ጸጥ ብሏል።

«ኤድሪያን፣ ሸክላው ቆሟል።»

አየው። ብዙ አየው። ጣቱ ቀስ እያለ ወረደ።

«ሌሎቹም ላይ ነበረች» አለ። «ሁሉም ላይ ነበረች።»

ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት፤ የሚደብቅ ሰው አልነበረም። ያቺ ቀጭን ድምፅ የተጎዳ ጆሮው የሚፈጥራት ናት። የቀኙ ጆሮ አልቋል። የግራው ግማሽ ቀርቶታል፣ ከጩኸት ካልራቀ እሱም ይከተላል። የሄደው አይመለስም። በአውቶቡስ ስንመለስ እጄን ያዘኝ።

«ለሎርና እንዳትነግሪያት።»

«ለምን?»

«ከባንዱ ታስወጣኛለች። ከዚያ ወዲያ ምኗ ነኝ?»

ያኔ ነው ሎርና ያን ሐሙስ ያለችውን የነገርኩት። በሚቀጥለው ማቆሚያ ዘሎ ወረደ፣ ባርኔጣ እንኳ ሳያደርግ። ተከትዬው ወረድኩ። እንዴት ልተወው?

ስደርስ ሸክላ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ሎርና ቀና አላለችም።

«ሐሙስ ዕለት ያልሽውን ድገሚልኝ።»

«አንዴ ተናግሬያለሁ። ሰምተሃል።»

«ቀና በይ ሎርና። አንገትሽን ደፍተሽ ስትናገሪ አይገባኝም።» ድምፁ ተሰበረ። «ጆሮዬ አይሰማም።»

ቀና አለች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አላውቅም።»

«ያመጣሁልህን ሁሉ ወደድኩት ስትለኝ... ያ ሁሉ ሐሙስ ትዋሸኝ ነበር?»

«ግማሹን ሰምቻለሁ። ግማሹን ካንቺ ፊት ነው ያየሁት። ጥሩው ቦታ ሲደርስ ዓይንሽን ትጨፍኛለሽ።»

ባንኮኒውን ዞራ መጣች። ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ፣ አፏን እንዲያይ አድርጋ ደገመችለት። እሱም መለሰላት። ሸክላ የያዘ አንድ ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ።

«መክፈል ይቻላል?»

«አይቻልም» አለችው ሎርና፣ ዞር ሳትል።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ጥር ላይ ግን ባንዱ ለንደን እንዲጫወት ተጠራ፤ ከሸክላ አሳታሚ ድርጅት ሰዎች መጥተው ሊሰሟቸው ነው።

«አንድ ምሽት ብቻ» አለ ኤድሪያን። «ከዚያ እተወዋለሁ።»

ሎርና አልተቃወመችም። የተስማማች መስሎኝ ስንት ቀን ተናደድኩባት።

በዕለቱ የባንዱ መኪና በራችን መጣ። የሚነዳው ከበሮ መቺው ዳንከን ነው። ኤድሪያን ጊታሩን ይዞ ሲወጣ ሎርና የመኪናውን በር ዘግታ ቆማለች።

«አንተ አትሄድም።»

«ያለኔ ማን ሊጫወት?»

«የዳንከን የአጎት ልጅ። አስተምረነዋል።»

«ከጀርባዬ?»

«ከጀርባህ።»

«አያቴን ሆንሽ በቃ።»

«ልሁን።»

ዳንከን መስኮቱን ዝቅ አደረገ። «ወይ መኪናው ውስጥ ግባና ጆሮህን ጨርስ፣ ወይ ቤትህ ግባና ሻይህን ጠጣ። ብቻ ወስኑ፣ በረደኝ።»

ያለ እሱ ሄዱ። ኤድሪያን ጊታሩን አቅፎ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ባቄላ በተጠበሰ ዳቦ አቀረብኩለት፤ እዚያው ቀዘቀዘ።

ከዚያ ወዲህ ሊያናግራት እምቢ አለ። እሷ ግን ሐሙስ አላስቀረችም። ባዶ እጇን መጥታ ከኔ ጋር ማእድ ቤት ትቀመጣለች።

«ጠላኝ፣ ወይዘሮ ፕሪቻርድ?»

«አዎ» አልኳት። «ግን አንቺ ስትመጪ ከክፍሉ ወጥቶ ደረጃው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነው የሚጠላሽ።»

አንድ ሐሙስ ወረደ። በሩ ላይ ቆመ።

«ለንደን እንዴት ነበር?»

«አልወሰዱንም።»

«በኔ ምክንያት?»

«በዳንከን የአጎት ልጅ ምክንያት።»

መሳቅ ጀመረ። ሳቁ መሀል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ። እሷም ተነስታ አቀፈችው፣ እኔ ፊቴን ወደ ምድጃው አዞርኩ። ባንዱ በዚያው ፈረሰ።

ግንቦት ላይ በማዘጋጃ ቤት ተጋቡ። ሥነ ሥርዓቱ ሳይጀመር ኤድሪያንን ልብ ብዬ አየሁት። ከእንግዶቹ ጋር ሲያወራ የሚያየው ዓይናቸውን አይደለም፣ ከንፈራቸውን ነው። የሎርናን እጅጌ ሳብ አደረግሁ።

«የግራውም ጆሮ ሄደ?»

«ከፋሲካ ጀምሮ» አለችኝ። «እንደነቃ ሮጦ መጥቶ ነገረኝ፣ በሌሊት ልብሱ።»

«ለኔስ?»

«እንቅልፍ አይወስዳትም አለ።»

«አሁንስ ይወስደኛል?»

«አይወስድዎትም» አለችኝና እጄን ጨብጣ ቆየች። «እኔንም አይወስደኝም።»

አጋቢው ድምፁ የማይወጣ ሽማግሌ ነበር። የሚለውን ሁሉ ሎርና ወደ ኤድሪያን ዞራ ትደግምለታለች። ቃሉን የሚሰጥበት ሰዓት ደረሰና ኤድሪያን የራሱን ድምፅ እንደማይሰማ ሰው ጮኸ። እስከ መንገዱ የሚሰማ ጩኸት። እንግዶቹ ሳቁ፤ አያውቁማ። እሱ ሳቃቸውን አየ፣ ምን እንዳጠፋ አልገባውም፣ ፊቱ ቀላ።

የሎርና ተራ ሆነ። ቀና አለች፣ ዓይን ዓይኑን እያየች፣ ከሱ አስበልጣ ጮኸች።

በሁለተኛው ጩኸት ማንም አልሳቀም።