ጎባጣ የጠበቀችው

በታችኛው ኮምቦልቻ መኪና ሰው ሲሳፈርባት እንደ ግመል ትንበረከካለች። ጀርባዋ ያበጠ ነው፤ መሪም የላትም። ይህ ሁሉ የመጣው አቶ እንድሪስ በወጣትነታቸው ከሠሯት አንዲት የሙከራ መኪና ነው። ያኔ ሰው ስቆባት «ጎባጣ» አላት፤ ኋላ ግን ሁሉም መልኳን ቀዳ። የሠሪዋን ስም ያነሳ የለም። ከቀጂዎቹ አንዷ የገዛ ልጃቸው ዘይነባ ናት። አባትና ልጅ በአንድ ግቢ እየኖሩ ከተኮራረፉ ዓመታት አልፈዋል።

አንድ ረፋድ ላይ የዘይነባ ልጅ ሐያት አስሟ ተነሳባት። ገና አራት ዓመቷ ነው። ትንፋሿ ሲር ሲር ይላል፤ ከንፈሯም ጠቁሯል። ሆስፒታሉ በእግር ከማይታለፍ ዋሻ ማዶ ነው። ዘይነባ ልጇን አቅፋ ራሷ ወደሠራቻት አዲስ መኪና ገባች። የጎባጣን አንጎል፣ ማለትም የምታስብበትን ሥርዓት፣ ሳትመረምር ቀድታ የጫነችባት ትናንት ነበር።

«ሆስፒታል፣ ቶሎ» አለች።

መኪናዋ እንደተንበረከከች ቀረች። አቶ እንድሪስ የግቢው በር ላይ ቆመዋል።

«የተሰረቀ ነገር እንዲህ ነው» አሉ ለግድግዳው።

«ሐያትዬ፣ ቂሙ ከልጅ ነፍስ የሚበልጥበት ሰው አለ» አለች ዘይነባ፣ ለልጇ።

ይህን ጊዜ ሽማግሌው የልጅቱን ፊት አዩ። ፈጥነው ከመንገዱ ወጡ። «እለፉ!» አሉ።

መኪናዋ አልተነቃነቀችም። ዘይነባ ከፊቷ ያለውን የመኪናዋን ሰሌዳ በቡጢ ደበደበችው።

«አትምቻት። የምትጠብቀው አንቺን ነው» አሉ። «ታላቅ ሰው ሰላም ሳይባል እንዳይታለፍ አስተምሬያታለሁ። ስትቀጂ ይህን አላየሽም?»

እንዲህ ያለ ልጅ ታቅፎ እልህ ምን ይሠራል? ዘይነባ ግን ፊቷን አዞረች። ሐያትን ሳል አጣደፋት።

«እንዴት አደሩ፣ አባባ» አለች ዘይነባ ጥርሷን ነክሳ።

መኪናዋ ተነስታ በረረች።

ሐያት ኦክስጅን ተሰጥቷት ተረፈች። ዘይነባ ማታውኑ ያንን የሰላምታ ትእዛዝ ከመኪናዋ አጠፋችው። ደግ አደረገች፤ የሕፃን ትንፋሽ በሰላምታ አይያዝም።

በማግስቱ ልጇን ለምርመራ ይዛ ስትወጣ አባቷ በሩ ላይ ነበሩ። መልስ ለመስጠት እንደተዘጋጀ ሰው ቀና ብለዋል። መኪናዋ አላመነታችም። ዘይነባ ሰላም ልትላቸው አፏን ስትከፍት ዋሻው ውስጥ ገብተው ነበር።