የመጨረሻው የዝላይ ሕግ

የሰሌዳ ላይ የጦር ጨዋታ ፈጣሪው በሥራ ክፍሉ ወለል ላይ ተዘርሮ ተገኘ። የኋላ ጭንቅላቱ በብረት ምድጃው ጠርዝ ተፈንክቷል። ሐኪሙ «ሰው ገፍቶታል» አለ። ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ ማንንም ሳታስገባ የመጫወቻውን ጠረጴዛ በአንሶላ ሸፈነችው፤ ከዚያ የሟቹን ቅርብ ሰዎች ሳሎን ተቀምጣ አንድ በአንድ ጠየቀች።

መልሳቸው አበሳጫት። ስለ ሟቹ ስትጠይቅ ሁሉም የሚያወሩላት ስለ መርከብ ነው፤ ሰሌዳው ላይ ስለሚዋጉ፣ ከብርሃን ፈጥነው ስለሚዘሉ የጠፈር መርከቦች።

«ችግሩ ዝላዩ ነው» አላት ጨዋታውን ለሟቹና ለባልንጀራው እየተጫወተ የሚሞክርላቸው ጎረቤት። «ድንገት ዘሎ ከጠላት ጀርባ የተኮሰ ያሸንፋል። በቃ! ስንት ሕግ አወጡ፤ ሁሉንም ውኃ በላው።»

«ዛሬስ ምን አዲስ ነገር ነበር?»

«እኔ ምን አውቄ? ገና አሁን መምጣቴ ነው።»

መርከቦቹን ቀለም የምትቀባው የሟቹ እህት ዓይኗ አብጧል። ለምሳ ልትጠራው ወጥታ፣ ከበሩ ላይ ስታየው ጮኻ ወርዳለች።

«ቁርሱን እንኳ ሳይጨርስ ‹አገኘሁት!› ብሎ ወደ ላይ ሮጠ። ምን እንዳገኘ አልነገረኝም።»

«ካፖርቱን ለብሶ ነበር?»

«አዎ። የላሉትን ቁልፎች እዚያው አጥብቄለታለሁ። ምነው?»

መርፌ መልሱን መዘገበች። አስከሬኑ የለበሰው ካፖርት አንድም ቁልፍ አልነበረውም።

በመጨረሻ ከሟቹ ጋር ሕጎቹን የሚጽፈው ባልንጀራው ገባ። «ከትናንት ወዲህ እዚህ ቤት አልረገጥኩም» አለ ገና ሳይቀመጥ።

«ዝላዩ መላ ሳያገኝ ቀረ ማለት ነው?»

«እኔ መላ አግኝቼለት ነበር!» ፊቱ ደም መሰለ። «ነገ ማተሚያ ቤት ይገባል ተባብለን! እሱ ግን መቼ ይበቃዋል? የሚያርፍበትን ቦታ አስቀድሞ በካፖርት ቁልፍ እያመለከተ የሚዘል መርከብ፣ ምን መርከብ ነው?»

መርፌ ሦስቱንም ወደ ሥራ ክፍሉ አስገባቻቸውና አንሶላውን ገፈፈችው። በመርከቦቹ መሀል ጥቁር ቁልፎች ተቀምጠዋል።

«ቁርስ ላይ እነዚህ ካፖርቱ ላይ ነበሩ» አለች። «ስለዚህ የተቆረጡት ከዚያ ወዲህ ነው። እህቱ ከበሩ ተመልሳለች፤ እኔም እንደደረስኩ ጠረጴዛውን ሸፍኜዋለሁ። የቁልፎቹን ነገር ሊያውቅ የሚችለው ጠዋት እዚህ ቆሞ ከሟቹ አፍ የሰማ ሰው ብቻ ነው። ስለ ቁልፎቹ የነገሩኝ እርስዎ ነዎት፤ አልመጣሁም ያሉኝም እርስዎ ነዎት።»

ሕግ ጸሐፊው ባልንጀራ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።

«እየሳቀ ነበር» አለ። «ስንት ዓመት የለፋሁበትን በእፍኝ ቁልፍ አፈረሰው። ገፋሁት እንጂ እንዲሞትማ…»

«ሕጉ አይሠራም ብለህ?» የሟቹ እህት ጮኸችበት። «ለማይረባ ጨዋታ ወንድሜን?»

«ይሠራል» አለ ከሰሌዳው ላይ ዓይኑን ሳይነቅል። «እንዲህ ቀላል ሆኖ ይሠራል። የገፋሁትም ለዚያ ነው።»