መድኃኒቱን የወሰደው እንግዳ

«መድኃኒቱ የት አለ?» አለ ሰውየው።

የወይንሐረግ ከኪችኑ መደርደሪያ የልጇን የጆኒን የሚጥል በሽታ ኪኒን አውርዳ በሁለት እጇ ሰጠችው። ሰውየው ብልቃጡን አገላብጦ እንኳ ሳያይ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ስሂን ሶፋው ጫፍ ላይ ትንሽ ወንድሟን አቅፋ ተቀምጣለች። ኪኒኖቹ ኪሱ ውስጥ ሲንኮሻኮሹ ስትሰማ ልጁን ይበልጥ ወደ ራሷ አስጠጋችው።

ልሳነወርቅ ይባላል። የት እንደሚያገለግል፣ ማን እንደላከው አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ በውል የሚያውቅ የለም። የወይንሐረግ ስለ እሱ የሰማችው አብራት ሆቴል ከምታጸዳ ሴት ነው። ጆኒ በበረዶው ሰሞን የትምህርት ቤት ባስ ውስጥ ወድቆ ከተንፈራገጠ ወዲህ እንቅልፍ የላትም፤ አድነዋለሁ ላላት ሁሉ በሯን ትከፍታለች።

«እምነትና ኪኒን አንድ ቤት አያድሩም፣ እህቴ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንዲት ፍሬ ከዋጠ የሚመጣውን እኔም አልመልሰውም። ነገ ማታ መጥቼ ልጁን እኔ ዘንድ እወስደዋለሁ። ብቻውን። ለማንም እንዳትናገሩ።»

ስሂን ሳታስበው ከአፏ አመለጣት። «የት ቤተ ክርስቲያን ነው የሚያገለግሉት?»

«ስሂን!» አለች እናቷ ክው ብላ።

ሰውየው አልተቆጣም። ፈገግ ብሎ አተኩሮ አያት። «ይህቺ ልጅ ምን እየተማረች ነው?»

«ሃይስኩል ሪሊጅን የሚባል የሃይማኖቶች ክላስ ወስዳ ነው» አለች የወይንሐረግ አንገቷን ደፍታ። «ይቅርብሽ ብያት ነበር።»

«እህ» አለ ልሳነወርቅ፣ ለመሄድ እየተነሳ። «እንግዲህ የልጁ በሽታ በማን በኩል እንደገባ አገኘነው።»

በሩ ከተዘጋ በኋላ የወይንሐረግ ልጇን ቀና ብላ አላየቻትም።

ጠዋት ጆኒ ሲሪያሉን እየበላ ማንኪያው አየር ላይ ቀረ። ዓይኑ ግድግዳው ላይ ተተክሎ፣ ስሙን ሲጠሩት አልሰማም። ትንሽ ቆይቶ ምንም እንዳልሆነ መብላቱን ቀጠለ።

«አየሽው? ያደረበት መንፈስ እየለቀቀው ነው» አለች እናቷ። ዓይኗን ግን ከልጁ አላነሳችም።

ስሂን ክላሱን የመረጠችው ኢዚ ኤ ነው፣ ሳይለፉ ኤ ይገኝበታል ስለተባለ ብቻ ነበር። አስተማሪዋ ሚስ ሆፍማን ግን እንዲያ በዋዛ የምትለቅ አልሆነችም። ተማሪ እጁን አውጥቶ «የእኛ ሃይማኖት እንዲህ ይላል» ባለ ቁጥር «ማን ነው ያለው? የተማሩትስ ሰዎች ይስማማሉ?» ትላለች። አንድ ጊዜ ሁሉም የየራሱን የሃይማኖት አባት አነጋግሮ እንዲመጣ አዘዘች። ስሂን ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ በሜትሮ ሄዳ ቀሲስ ገብረየስን ጠየቀቻቸው። ስለ ጆኒ እያሰበች፣ ጠበል የሚጠጣ ሰው መድኃኒት መተው አለበት ወይ ብላ ስትጠይቃቸው ሳቁባት።

«ጠበሉም የፈጣሪ፣ ሐኪሙም የእሱ ነው፣ ልጄ። እኔ ራሴ ስኳሬን በኪኒን አይደል የያዝኩት?»

በምሳ ሰዓት ስሂን ምግቧን ትታ ወጣች። ለትምህርት ቤቱ ነርስ ብትናገር ልጆችን ከወላጅ የሚነጥለው ሶሻል ሰርቪስ መጥቶ ጆኒን ይወስደዋል ብላ ፈራች። ዝም ብትል ደግሞ ማታ ያ ሰውዬ ይወስደዋል። ደረጃው ስር ቆማ ለቄሱ ደወለች። ሁሉንም ነገረቻቸው።

«ሰውየውን አላውቀውም። እናትሽን አገናኚኝ። ልጁን ለማንም እንዳትሰጡ፣ ሰማሽ?»

የወይንሐረግ ግን ሥራ ላይ ስልክ አታነሳም። ስትመጣ የሆቴሉን ዩኒፎርም እንኳ ሳታወልቅ ጆኒን ነጭ ማልበስ ጀመረች። ስሂን ስልኳን አውጥታ ለቄሱ ደወለች። በዚያው ቅጽበት በሩ ተንኳኳ።

እናቷ ልትከፍት ስትሄድ ስሂን ቀድማት በሩ ላይ ተደገፈች።

«እማ፣ አባ ገብረየስ ስልክ ላይ ናቸው። እሳቸውን ሳታናግሪ አይከፈትም።»

«ዞር በይ!»

«አልልም።»

እንዲህ ተናግራት አታውቅም። የወይንሐረግ በጥፊ ልትላት እጇን አነሳች።

«የወይንሐረግ?» አለ ከስልኩ የሽማግሌ ድምፅ። «ልጄ፣ እባክሽ ስሚኝ።»

የተነሳው እጅ ቀስ ብሎ ወርዶ ስልኩን ተቀበለ። በሩ እንደገና ተንኳኳ፤ አሁን በርታ ብሎ። የወይንሐረግ እያዳመጠች ዞር ስትል ጆኒን አየችው። ምንጣፉ መሃል ቆሞ፣ ዓይኑ ፈጦ፣ ከንፈሩን ያላምጣል። የግራ እጁ ብቻውን ይርገበገባል።

«እሺ አባ... አዎ፣ መድኃኒቱን ወስዶታል... እሺ፣ አሁኑኑ።» ስልኩን ዘጋችው። «ጫማውን አድርጊለት። ኢመርጀንሲ እንሄዳለን።»

ስሂን ተንበርክካ ክሩን አሰረችለት። ጆኒ ወደ ራሱ መለስ ብሎ፣ ወዴት እንደሚሄዱ ግራ ገብቶት፣ «ዌር ዊ ጎዊንግ?» አላት በቀስታ። ማንኳኳቱ ቆሟል። በበሩ ቀዳዳ አየች። ልሳነወርቅ አልሄደም። እጆቹን ኮቱ ኪስ ከትቶ፣ ከበሩ ማዶ ሆና እንደምታየው ያወቀ ይመስል ቀዳዳውን ትክ ብሎ ያያል።

«አለ?» አለች እናቷ በሹክሹክታ።

«አለ።»

የወይንሐረግ ቁልፉን ያዘችው፤ ግን አላዞረችውም። ስሂን ጆኒን ከኋላዋ አድርጋ የእናቷን እጅ ቀስ ብላ አነሳችና «አልፈነው እንሄዳለን» ብላ ቁልፉን ራሷ አዞረችው።