ሦስተኛዋ ክብ

የሂሳብ መምህሩ ሰሌዳው ላይ የሳሉት ክብ ድንች መሰለ። ክፍሉ ሲስቅ ሚጢጢ ሳቅ አልመጣላትም። ትልቁ የእንጨት ኮምፓስ አንድ እግሩ ተሰብሮ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። ትናንት ከጽዳት በኋላ፣ ሌሎቹ ቆሻሻ ሊደፉ ሲወጡ፣ አልዘጋ ያለውን መስኮት በእሱ ስትገፋ ቋ አድርጋ የሰበረችው እሷ ናት።

መምህሩ ፈርደዋል፦ ሰባሪው እስኪታወቅ ሚጢጢን ጨምሮ አምስቱም የጽዳት ተረኞች ከትምህርት በኋላ ቀርተው ይጠርጋሉ። ከአምስቱ አንዷ የክፍሉ የእግር ኳስ ቡድን በረኛ ናት፣ የሚጢጢ የልብ ጓደኛ። የክፍሎች ውድድር ፍጻሜ ደግሞ ዛሬ እዚያው ሰዓት ላይ ነው። ጠዋት በረኛዋ «አንቺ ነሽ እንዴ?» ብላ ስትጠይቃት ሚጢጢ እኔ ምን አውቃለሁ አለቻት። በረኛዋም አመነቻት፤ ሚጢጢን ያንገበገባት ይኸው ነው።

መምህሩ ድንቹ ውስጥ ሌላ ትንሽ ድንች ጨመሩ። ትልቁ «ሀ»፣ የክፍሉ ተማሪዎች፤ ትንሹ «ለ»፣ ተረኞቹ። ተረኛ ሁሉ የክፍሉ ተማሪ ስለሆነ «ለ» የ«ሀ» ንዑስ ስብስብ ነው አሉ። የክፍሉ ተማሪ ሁሉስ ተረኛ ነው? ክፍሉ በአንድ አፍ አይደለም አለ።

ተረኛ ሁሉም ሰባሪ አይደለም፣ አለች ሚጢጢ በልቧ። እጇን አወጣች። ወደ ሰሌዳው ወጥታ ጠመኔውን አነሳች። «ለ» ውስጥ ሦስተኛ ክብ ሳለች፣ በጣም ትንሽ፣ መሃሏ ላይ አንድ ነጥብ።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«ኮምፓሱን የሰበሩ ሰዎች ስብስብ ናት፣ ቲቸር። አባሏ አንድ ነው፤ እኔ ነኝ። ሌሎቹ ተረኞች ወጥተው ነበር።»

መምህሩ ጠጋ ብለው ክቧን አዩ።

«ሥዕሉ ልክ ነው» አሉ። «አራቱ ሂዱ። አንቺ ትጠርጊያለሽ።»

እፎይ አለች። ቅጣት እንዲህ ያስደስታል ብሎ የነገራት ሰው አልነበረም።

ደወሉ ሲደወል በረኛዋ ጓንቷን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ተኮሳትራለች።

«ጠዋት ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

ሚጢጢ መጥረጊያውን አነሳች። በረኛዋም «ቶሎ ጥረጊ፤ ለሁለተኛው አጋማሽ ትደርሻለሽ» ብላት ሄደች።

ሚጢጢ ጠርጋ ስትጨርስ መምህሩን አስፈቅዳ ኮምፓሱን ወሰደች። አባቷ አናጺ ነው፤ ይጠግነዋል፣ ማን ሰበረው ብሎ መጠየቁም አይቀርም። በጋዜጣ ልትጠቀልለው አሰበችና ተወችው። እንዲሁ በእጇ እንደያዘችው ወደ ሜዳው ሮጠች።