ሰኞ የሚደውለው ሰው

ልብስ ሰፊዋ ክብደት መቀነስ የጀመረችው ሐኪሙ «ልብሽ ሸክሙን አልቻለም» ስላላት ነው። በስልክ በሚሰጥ ፕሮግራም ተመዘገበች። ሰኞ ሰኞ ረፋድ ላይ አንድ ሰው ይደውልና ኪሎዋን መዝግቦ፣ «ከአንድ እስከ አሥር ቢሆን፣ የዚህ ሳምንት ተነሳሽነትዎ ስንት ነው?» ይላታል። ማን ጸንቶ ማን እንደሚያቋርጥ ለማወቅ የሚደረግ ጥናት ነበር።

መጀመሪያ ሦስት አለች። ከዚያ አምስት። ደዋዩ ቁጥሩን ከጻፈም በኋላ ስልኩን ቶሎ አይዘጋም፤ ስለ ስፌቷ ይጠይቃታል፣ ትቀልድበታለች፣ ይስቃል። በአራተኛው ወር «እርስዎ» ቀርቶ «አንቺ» ሆነ። ዘጠኝ ኪሎ ቀነሰች፤ ተነሳሽነቷም አሥር ደረሰ።

«ምክንያቱን ልጻፍ» አላት አንድ ሰኞ። «ለጤናሽ ነው? ለቤተሰብ?»

«እውነቱን ልንገርህ?»

«እውነቱን።»

«ሰኞ ደርሶ ድምፅህን እንድሰማ ብዬ ነው።»

ብዕሩን ሲያስቀምጥ ተሰማት።

«ይሄን መጻፍ አለብኝ» አለ፣ ድምፁ ሰልሎ። «ካልጻፍኩት ልኬቱ ውሸት ይሆናል።»

በሚቀጥለው ሰኞ የደወለችው ሴት ነበረች።

«እሱስ?»

«በጻፈው ምክንያት ጥናቱ እስኪያልቅ ለእርስዎ እንዳይደውል ተከልክሏል።»

ሰማይ የተደፋባት መሰላት። እህቷ፣ «ፊቱን ላላየሽው ሰው አንጀትሽ ይረር?» እያለች ብትቆጣም አልሰማቻትም። የምትበላው ርቧት ሳይሆን ሆዷ ባዶ ሲሆን ስለሚያስፈራት ነበር። ደረጃ ስትወጣ ትንፋሿ መቆራረጥ ጀመረ። ዘጠኙ ኪሎ ሁለት አስከትሎ ተመለሰ።

የጥናቱ ማብቂያ ቀን ለመጨረሻ ሚዛን ቢሮ ተጠራች። ጫማዋን አውልቃ ስትቆም፣ ሚዛኑ አጠገብ የነበረው ቀጭን ሰው «ሚዛኑ ላይ ይውጡ» አላት። ድምፁን ስትሰማ ክው አለች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ቃል ከተነፈሰች በድምፅዋ የሚያውቃት መስሏት፣ የጠየቃትን ሁሉ በአንገቷ መለሰች።

ቁጥሩን ጽፎ መዝገቡን ዘጋ።

«ካርድሽ ላይ ስምሽን ሳይ አውቄሻለሁ» አላት ቀስ ብሎ። «መዝገቡ እስኪዘጋ ነው የጠበቅኩት።»

«እንግዲህ ምን እንደሆንኩ አየህ» አለች፤ እንባዋ ቀደማት።

«እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግሁሽ። ያን ቀን ባልጽፈው ኖሮ...»

«ብትዋሽልኝ ኖሮ አላምንህም ነበር።»

ጎንበስ ብሎ ጫማዋን አቀረበላት። «ሐኪም ጋ አብሬሽ ልሂድ?»

እምቢ ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ግን ትከሻውን ተደግፋ ጫማዋን አጠለቀች።

«ቀጠሮዬ ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት ነው» አለችው። «እንዳታረፍድ።»